«ሳልጠየቅ ሉፕ ገባልኝ»፦ ጥያቄዎቻችሁና የአዋላጇ መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን አንድ ላይ አውጥቻቸዋለሁ፤ ሳነባቸው እርስ በርስ የሚነጋገሩ መሰለኝ። ስማችሁ እንዳይጠቀስ ስለጠየቃችሁ ሰፈራችሁን ብቻ ጽፌያለሁ።

ጥያቄ፣ ከአፍንጮ በር፦ ሲስተር፣ እንደምን አሉ? ሁለተኛ ልጄን የተገላገልኩት በመጋቢት ነው። ምጥ ላይ ሳለሁ አንዷ ነርስ ስለ እርግዝና መከላከያ የሆነ ነገር አንስታልኝ ነበር። እሺ ልበል እንቢ ልበል ትዝ አይለኝም፤ ማርያም ማርያም እያልኩ ነበር። በአርባ አምስት ቀኔ ልጁን ላስከትብ ስሄድ ካርዴን ያየችው ባለሙያ «ሉፕሽ እንዴት ነው?» አለችኝ። ምን ሉፕ? ብል ካርዱ ላይ ተጽፏል። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው «ደብቀሽኝ ነው» ብሎ አኮረፈ። አሁን ደግሞ የወር አበባዬ ከወትሮው በዝቶብኛል። ላስወጣው? ይጎዳኛል? «ለምን?» ብለው ይቆጡኛል ብዬም ፈርቻለሁ።

መልስ፦ የእኔ እህት፣ ከፍርሃትሽ ልጀምር። ማሕፀንሽ ውስጥ የተቀመጠውን ሉፕ ማስወጣት ትችያለሽ። «አልፈልገውም» ካልሽ በቂ ነው፤ ሌላ ምክንያት አምጪ የሚልሽ ባለሙያ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክፍያ የለውም። ማውጣቱ ራሱ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዙ ሴቶች የሚሰማቸው አንዴ ቆንጠጥ አድርጎ የሚለቅ ቁርጠት ነው። ከወሊድ በኋላ ወዲያው የገባ ሉፕ ግን ክሩ ወደ ማሕፀን ተጠቅልሎ ሊቀር ይችላል። ባለሙያዋ ክሩን ካጣችው በአልትራሳውንድ ትታያለሽ እንጂ «ወድቆ ይሆናል» ተብለሽ አትሸኚም። ይህን አጥብቀሽ ያዢ።

መዳብ ያለው ሉፕ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት የወር አበባን ሊያበዛና ቁርጠት ሊያመጣ ይችላል፤ በአብዛኛዋ ሴት ላይ እየቀለለ ይሄዳል። ትኩሳት፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ወይም ከእምብርት በታች ብርቱ ሕመም ካለሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሂጂ። ሉፑ በወጣ ማግስት ልታረግዢ እንደምትችዪም እወቂ። ቶሎ መድገም ካልፈለግሽ ሌላውን መከላከያ በዚያው ቀጠሮ ምረጪ። መድኃኒቱ ራሱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሉፕ አስተማማኝ ነው፣ ጡት ማጥባትም አይከለክልም። ተመካክረሽበት «ይቆይ» ብትዪ ደስ ይለኛል። ግን 10 ዓመት ይሠራል ማለት 10 ዓመት ትሸከሚዋለሽ ማለት አይደለም።

አሁን ስለ አገባቡ። ስለ መከላከያ የሚወራው በእርግዝና ክትትል ጊዜ ነው። ሴትየዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሉፑን በእጇ ይዛ አገላብጣ አይታ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ዳስሳ፣ ጥያቄዋን ጠይቃ፣ ቤቷ ሄዳ አስባበት። ምጥ ውስጥ ያለች ሴት «እሺ» ብትል ያ እሺታ አይቆጠርም፤ ሕመሙ እንዲያልፍላት ብቻ ምንም ብትጠየቅ እሺ ትላለች። አዲስ ለሚመጡ አዋላጆች ይህን ሳልሰለች እነግራቸዋለሁ። የሚያጣድፍ ነገርም የለም። ሉፕ የእንግዴ ልጅ ከወጣ በኋላ ባሉት 10 ደቂቃዎች ካልገባ እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማስገባት ይቻላል። ልጇን ታቅፋ፣ አጥሚቷን ጠጥታ፣ አረፍ ስትል መጠየቅ ይቻል ነበር ማለት ነው።

የወለድሽበት ተቋም ኃላፊ ጋ ገብተሽ ይህንኑ ተናገሪ። ሳትጠየቂ እንደገባ ካርድሽ ላይ እንዲሰፍር ጠይቂ። ስትሄጂ ባለቤትሽንም ይዘሽው ሂጂ፤ አንቺም እንደ እሱ ኋላ እንደሰማሽ ከባለሙያዋ አንደበት ይስማው። ከዚያ በፊት ግን ይህን አምድ አንብቢለት። የደበቀችው ሚስቱ አይደለችም።

ጥያቄ፣ ከስድስት ኪሎ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አንድ ሥልጠና ላይ ስለ ሥነ ተዋልዶ ፍትሕ ሰማሁ፤ አሠልጣኟ ምሳሌ ያደረገችው የአሜሪካን፣ የካናዳንና የፔሩን ነባር ሕዝቦች ሴቶች ነበር። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ግን «ይሄ የሩቅ አገር ጣጣ ነው፤ የእኛ ሴት የምትሞተው አገልግሎት አጥታ እንጂ በዝቶባት አይደለም» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኛሽ ከእውነቱ ግማሹን ይዛለች። አገልግሎት ያጣች ሴት ምን እንደምትሆን ለማወቅ ከዚህ ከተማ መውጣት አያስፈልግም። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው ያገኙት ምጡ ቀናት የፈጀባቸውን፣ ልጃቸው የሞተባቸውን፣ ሽንታቸው አልቋረጥ ብሎ ከሰው የተገለሉትን ሴቶች ነው። የፊስቱላ ሆስፒታሉ በ1974 የተከፈተው ለእነሱ ነው። ይህ ጉዳት የሚመጣው ደራሽ በማጣት ስለሆነ «አገልግሎት ይቅደም» ለሚል ሰው እጄን አነሳለታለሁ።

ሌላው ግማሽ ግን አለ። ፍትሕ የሚለውን ሐሳብ በዚህ መልክ ያነሱት እ.ኤ.አ. በ1994 ቺካጎ የተሰበሰቡ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ናቸው። በዚያ አገር ክርክሩ ሁሉ ጽንስ ማቋረጥ ይፈቀድ አይፈቀድ በሚለው ላይ ተይዞ ነበር፤ እነሱ ይህ አይበቃም አሉ። አንዲት ሴት ልጅ ያለመውለድ መብት አላት፣ የመውለድ መብት አላት፣ የወለደችውን ደህና በሆነ ሰፈር የማሳደግ መብት አላት፤ ሦስቱ አይነጣጠሉም አሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለምን እንደተጨመሩ የሚገባሽ የነባር ሕዝቦችን ሴቶች ታሪክ ስታዪ ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ መድኃኒት በማጣት ሳይሆን ሳይጠየቁ በመታከም የተጎዱ ናቸው።

ከፔሩ ልጀምር። በፕሬዚዳንት ፉጂሞሪ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2000፣ በቤተሰብ ምጣኔ ፕሮግራም ከ270,000 በላይ ሴቶች ዳግም እንዳይወልዱ የማሕፀን ቱቧቸው ተቋጠረ። አብዛኞቹ ኬቹዋ የሚባለውን የነባሩን ሕዝብ ቋንቋ የሚናገሩ የገጠር ድሆች ነበሩ። የጤና ሠራተኞች የሚሞሉት የቁጥር ኮታ ነበራቸው። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ማሜሪታ ሜስታንሳ ትባላለች፤ ካሃማርካ በሚባለው ተራራማ አገር የምትኖር ገበሬ፣ የሰባት ልጆች እናት። የጤና ሠራተኞች ደጋግመው ቤቷ ሄዱ፤ ከአምስት ልጅ በላይ ስለወለድሽ ትቀጫለሽ፣ ትታሰሪያለሽ አሏት። በመጨረሻ እሺ አለች። እ.ኤ.አ. በ1998 ቀዶ ጥገናው ተደረገላት፤ ስትታመም ቤተሰቧ ርዳታ ቢጠይቅም የሚሰማ ጠፋ፣ በቀናት ውስጥ ሞተች። የፔሩ መንግሥት በአሜሪካ አህጉር የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ፊት ኃላፊነቱን ያመነው በ2003 ነው።

ግሪንላንድን ደግሞ የአፍንጮ በሯ እህታችን ብታነበው ደስ ይለኛል። ያኔ ዴንማርክ ታስተዳድረው በነበረው በዚያ የበረዶ አገር እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ብቻ ወደ 4,500 ለሚሆኑ የኢኑዊት (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ሴቶችና ልጃገረዶች ሉፕ ገባላቸው። በጊዜው ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት የግማሹን ያህል ማለት ነው። ገና አሥራዎቹን የጀመሩ የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩባቸው፤ ብዙዎቹ አልተጠየቁም፣ ወላጆቻቸውም አልሰሙም። መንግሥቱ የፈለገው የሕዝቡ ቁጥር እንዳይጨምርና ወጪው እንዲቀንስ ነበር። ከተጎዱት አንዷ ናያ ሊበርት በአደባባይ አፏን የከፈተችው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይታ ነው። እሷን ተከትለው ሌሎቹ ተናገሩ፤ በ2024 ደግሞ 143 ሴቶች የዴንማርክን መንግሥት ከሰሱ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሜተ ፍሬደሪክሰን ኑክ ከተማ ድረስ ሄደው ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ነው። በመካከሉ ስንቷ ሴት ለምን እንደማትወልድ ሳታውቅ አረጀች!

አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ኦዲተሮች እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ሪፖርት፣ ለነባር ሕዝቦች የተቋቋመው የጤና አገልግሎት ከ1973 እስከ 1976 በአራት አካባቢዎቹ ብቻ በሴቶች ላይ 3,406 የማምከን ቀዶ ጥገናዎች ማካሄዱ ተገልጿል፤ አገልግሎቱ በጠቅላላው 12 አካባቢዎች ነበሩት። ዕድሜያቸው ከ21 በታች የሆኑትን ማምከን ታግዶ እያለ 36ቱ ከዚያ በታች ነበሩ። ይህ ሁሉ የድሮ ነው እንዳትዪ፣ በካናዳዋ ሳስካቱን ነባር ሴቶች በወሊድ ሰዓት ካልተቋጠራችሁ እየተባሉ እንደተገፉ የሚያሳይ ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የጤና አስተዳደሩም በዚያው ዓመት ይቅርታ ጠይቋል።

ለእኛ ቋንቋ ተናጋሪዎች የቀረበም አለ። ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን እናቶች በመጠበቂያ ጣቢያና ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ የሚወጋውን የእርግዝና መከላከያ መርፌ ምንነቱን በቅጡ ሳይረዱ እንደወሰዱ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ በእስራኤል ቴሌቪዥን ተናገሩ። በጃንዋሪ 2013 የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር ውጤቱን ላልተረዳች ሴት መርፌው እንዳይታደስላት ለአገሪቱ አራት የጤና መድን ድርጅቶች መመሪያ ሰጡ። የአገሪቱ ኦዲተር በ2016 ደግሞ ሴቶቹ ተገደው ስለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ሁለቱንም የነገርኩሽ ጓደኛሽ ብትመረምር ሁለቱንም ስለምታገኝ ነው። እኔ የምይዘው የመጀመሪያውን መመሪያ ነው፦ ተረድታለች ወይ?

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ አገኘዋለሁ። ከሽሮ ሜዳ፣ ከሸማኔዎቹ ሠፈር፣ አማርኛዋ ገና ያልፈታላት የጋሞ ሴት ትመጣለች። አብራት የባሏ እህት ናት፤ አስተርጓሚዋም እሷ ናት። እኔ ስለ መርፌው ብዙ እናገራለሁ። የወር አበባሽን ሊያዛባ ይችላል፣ ካቆምሽው በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊወስድብሽ ይችላል፣ ሌላም አለ፣ ይሄ ያንቺ ምርጫ ነው። የባሏ እህት ዞር ብላ ሁለት ቃል ትነግራታለች። ሴትየዋ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ክንዷን ትዘረጋለች። ያን ክንድ እንደ ፈቃድ መቁጠር ለቀኑ ሪፖርት ይመቻል። እኔ ግን ቋንቋውን የምታውቅ የጽዳት ሠራተኛም ብትሆን ፈልጌ፣ እህቲቱን ውጭ አስጠብቄ፣ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ወረፋው ይረዝማል፤ ይርዘም።

ጓደኛሽን እንዲህ በያት። አዋላጅ በማጣት የምትሞተዋና ሳትጠየቅ የምትመክነዋ ሁለቱም ቃላቸው ያልተሰማ ሴቶች ናቸው። መፍትሔውም ከአንድ ቦታ ይመጣል። በሰሜን ካናዳ፣ ኑናቪክ በሚባለው አገር፣ ኢኑዊት እናቶች ለመውለድ በአውሮፕላን ወደ ደቡብ ተወስደው ሳምንታት ለብቻቸው ይጠብቁ ነበር። ያለ ባል፣ ያለ እናት፣ ቋንቋቸውን በማይናገር ሰው መካከል። እ.ኤ.አ. በ1986 ፑቪርኒቱክ በምትባል መንደር ማዋለጃ ተከፈተና የአገሩ ልጆች በአዋላጅነት እየሠለጠኑ እዚያው ማዋለድ ጀመሩ። አብዛኛዋ ሴት ከዚያ በኋላ በሠፈሯ ወለደች። እኛም አገር በብዙ ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ሲሠራ፣ ገንፎው እዚያው ሲገነፋና ቡናው ሲፈላ ሴቶች መምጣት ጀመሩ። ገንፎውን እንደ ጌጥ የሚያዩት ባለሙያዎች ያሳዝኑኛል። አንዲት አራስ የምትፈልገውን የጠየቀ ሰው ነው ያን ድስት የጣደው።

ጥያቄ፣ ከለገሃር፦ ሚስቴ ሳትነግረኝ ክንዷ ውስጥ የእርግዝና መከላከያ አስቀብራለች። ያለ ባል ፊርማ እንዴት ይሠራላታል? መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መከላከያ ለመውሰድ የባል ፊርማ የሚጠይቅ ሕግ የለም፤ ስለዚህ የሚከሰስ ሰው የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት የሰጠው ለሴቷ ነው፤ እርግዝናና ወሊድ የሚጎዳው የእሷን አካል ስለሆነ። ለምን እንዳልነገረችህ መጠየቅ ግን ትችላለህ። ስትጠይቃት ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ጠይቃት፤ መልሷንም እስክትጨርስ ስማት። አንድ ተጨማሪ ልጅ አሳስቧት ሊሆን ይችላል፣ የቤት ኪራዩ ሊሆን ይችላል፣ የባለፈው ምጥ ሊሆን ይችላል። ፈቃዷ ከሆነ ሁለታችሁም አንድ ላይ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ፤ አብሮ የሚመጣ ባል በጣም ነው የሚያስደስተን።

ጥያቄ፣ ከካዛንቺስ (አሁን ገላን ጉራ)፦ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ የ68 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩበት ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ወደዚህ ተዛወርን። ቤቱ ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን። ግን ምራቴ ሰባት ወሯ ነው። ክትትሏ እዚያ ነበር፤ አሁን ለአንድ ቀጠሮ ሁለት ታክሲ ትይዛለች፤ ባለፈው ወር ደክሟት ቀረች። ጎረቤቶቻችን ተበታትነዋል። ካዛንቺስ ሳለን ሌሊት ምጥ ቢመጣ በር ማንኳኳት ነበር፤ እነ እትዬ ውሃ ይጥዳሉ፣ የእድሩ ሰው መኪና ይፈልጋል። እዚህ ማንን አንኳኳለሁ? ይሄ የጤና ጥያቄ ካልሆነ ይቅርታ።

መልስ፦ እማማ፣ የጤና ጥያቄ ነው። ከላይ ለስድስት ኪሎዋ ልጅ የጻፍኩላት ሦስተኛው መብት ይሄው የእርስዎ ነው፤ የተወለደው ልጅ የሚያድግበት ሰፈር፣ የሚያነሳው ጎረቤት። በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ አክዌሳስኒ የሚባል፣ ሞሃውክ የተባሉ ነባር ሕዝቦች አገር አለ። ካትሲ ኩክ የምትባል የእነሱ አዋላጅ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እናቶች «ጡቴን ላጥባ ወይ?» እያሉ ሲጠይቋት የፋብሪካ ኬሚካል ከወንዙ ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ወደ እናት ጡት መግባቱን ለማስመርመር ተነሳች። «ወንዝ የአዋላጅ ሥራ አይደለም» የሚላት አልጠፋም ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969ና በ1974 የተደረጉ ጥናቶች ከነባር ሕዝቦች ልጆች ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ከወላጆቻቸው ተወስደው በሌላ ቤተሰብና በተቋም ያድጉ እንደነበር አሳይተዋል። ይህን የሚገታ ሕግ የወጣው በ1978 ነው። የእነሱ መከራና የእርስዎ አንድ አይደለም፤ ግን እናትና ልጅን ከሚያቅፋቸው ሰው መነጠል ጉዳት መሆኑን እነዚያ ሴቶች አስመስክረዋል። ሰፈር ሲነሳ ነፍሰ ጡሮቹ እነማን ናቸው፣ ካርዳቸው ወዴት ይሄዳል ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው መኖር ነበረበት። በየመድረኩ እናገረዋለሁ፤ እዚህም ጻፍኩት።

አሁን እንዲህ ያድርጉ። በዚህ ሳምንት ምራትዎ የክትትል ካርዷን፣ የደምና የአልትራሳውንድ ውጤቷን ከቀድሞው ጤና ጣቢያ በቅጂ ታምጣና አቅራቢያዎ ባለው ጤና ጣቢያ ትመዝገብ። እንደ አዲስ አትጀምር፤ ያለፈው ካልታወቀ የደም ግፊቷ መጨመሩ እንኳ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። የቀረችበትን ቀጠሮ ትናገር፣ አትፈር። የአካባቢውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስም ይጠይቁ፤ ቤታችሁን እንድታውቀው ቡና ይጥሯት።

ደም ከታየ፣ ብርቱ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ምጥ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ቁጥሩን በር ላይ ይለጥፉት። በሕንፃችሁ መኪና ያለውን ሰው ዛሬ ያነጋግሩ፤ ሌሊት ከማንኳኳት በቀን ማስለመድ ይሻላል። ሁለተኛ መኪናም ይያዙ። ደም የሚለግስ ዘመድም ከአሁኑ ይታወቅ።

መሐል ከተማ ላይ የቀረች እህት ወይም የአክስት ልጅ ካለቻችሁ ምራትዎ ከፈለገች የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት እዚያ ትቆይ። ልጅዎ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሚተዳደር ተቀጣሪ ከሆነ የሦስት ቀን የአባትነት ፈቃድ እንዳለው ይንገሩት፤ ለቀጣሪው ከወዲሁ ያሳውቅ። ምራትዎም ተቀጣሪ ከሆነች በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር አላት፣ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ። ከካዛንቺስ አብረዋችሁ የመጡት የእድር ሰዎች በየትኛው ብሎክ እንዳሉ እርስዎ ያውቃሉ፤ ስልካቸውን በአንድ ወረቀት ያሰባስቡና ከ907 አጠገብ ይለጥፉት።